አራት ጉማጅ ዋንዛ

ቁመቴ የአባቴ ነው። ዘጌ ልጅ ሆኜ ሰው ከሩቅ ሲያየኝ «ያቻት የመሪጌታ ልጅ» የሚለው በመልኬ አልነበረም፤ ከእኩዮቼ በላይ ብቅ በምትለው አናቴ ነበር። ከየቤቱ ጉበን ጋር እየተጋጨሁ አደግሁ። ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ የአክስቴ በር የተወችብኝ ናት። ታዲያ እኔን የሚያህል ሰው ባሕር ዳር ገብቶ ልብስ ፋብሪካ ሲቀጠር የሚቆምበትን ጠረጴዛ ማንም አልለካለትም። ጠረጴዛው ቀድሞ ነበረ፣ እኔ ደረስሁበት።

ሥራዬ ማጠናቀቂያ ክፍል ነው፤ እኛ ፊኒሺንግ እንለዋለን። ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪ ይመጣልኛል። ጠረጴዛው ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ስፌቱን በጣቴ እየተከተልሁ አያለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ የተንጠለጠለውን ክር በትንሽ መቀስ እቆርጣለሁ፣ አጥፌ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሌላ ሱሪ። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት እንዲህ ነው፣ በቁም። የጠረጴዛው ጠርዝ ጭኔ ላይ ያርፋል። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ለማየት ዓይን መቅረብ አለበት፤ ዓይን ደግሞ ብቻውን ስለማይወርድ አንገትና ወገብ አብረውት ይወርዳሉ። ባገራችን ታታሪ ሴት ስትመሰገን ጎንበስ ቀና ትላለች ይባላል። ለእኔ የደረሰኝ ጎንበሱ ብቻ ነው።

ወንበር የለም። ወንበር እንቅልፍ ይጠራል ይላሉ አለቆቹ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው።

በሁለተኛው ዓመት ወገቤ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ከሥራ ስወጣ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ጧት ፊቴን ስታጠብ፣ ቀጥሎ ጫማዬን ሳስር። አንድ ቀን ብስክሌቴ ላይ ለመውጣት እግሬን አነሳሁና መሃል ላይ ቀረ። መንገደኛ እያየኝ እግሬን በእጄ ይዤ መለስሁት። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፌ በባጃጅ መመላለስ ያዝሁ።

የክፍላችን ሴቶች በሽታዬን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ኩላሊት ነው» አሉ። እኛ ዘንድ ወገቡን የያዘ ሁሉ ኩላሊቱን ታሟል። ከክፍሉ ግማሹ ኩላሊት ነበረበት፤ የቀረውን ብርድ መቶታል። ተልባ ጠጭ አሉኝ፣ ጠጣሁ። ውሃ አብዥ አሉኝ፣ አበዛሁ። ውሃ የሚያበዛ ሰው ደግሞ መጸዳጃ ቤት መመላለሱ አይቀርም፤ ሱፐርቫይዘሩ «ዛሬ ስንተኛሽ ነው?» እያለ ይቆጥርልኝ ጀመር። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርሁ። ኩላሊቴ ምንም አልሆነም። የመረመረችኝ ባለሙያ ስሠራ እንዴት እንደምቆም አሳዪኝ አለችኝና በራሷ ጠረጴዛ ላይ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀችና ወረቀት ላይ «አጎንብሳ እንዳትሠራ» ብላ ጻፈችልኝ። ያ ሁሉ ተልባ በከንቱ ሄደ።

ወረቀቱን ለሱፐርቫይዘሩ ወሰድሁለት። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። አለቃዬ ስለሆነ እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንቺ ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልደቱን ያስታወሰችለትን ሁሉ ያመሰግናል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና መለሰልኝ።

«እህቴ፣ ጠረጴዛው ስታንዳርድ ነው። ሁሉም ይሠሩበታል። አንቺ ነሽ የረዘምሽው።»

እኔ ነኝ የረዘምሁት። ሰው ሳያየኝ፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ ፋብሪካውን ለመጉዳት ብዬ የረዘምሁ ይመስል። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ተናድጄ ስለነበር ወገቤ እንኳ ትዝ አላለኝም።

እሑድ በጀልባ ዘጌ ተሻገርሁ። አባቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ ያን ጊዜ ገና ማኅሌት ይቆሙ ነበር። ከጀልባው ስወርድ ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ስላዩኝ ሰላምታውን አሳጠሩት። ከቡና ዛፎቹ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መጠየቅ ጀመሩ።

«ቆመሽ ነው የምትውይ?»

«ቆሜ ነው አባየ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ስምንት ሰዓት።»

«ምን ተደግፈሽ?»

«ምንም።»

አባቴ መቋሚያውን በመዳፋቸው ያሹ ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን ቆመዋል። መቆም ምን እንደሆነ ባሕር ዳር ካሉት አለቆች ሁሉ እሳቸው ያውቃሉ።

«እኛ ለእግዚአብሔር ስንቆም እንኳ መቋሚያ ተሰጥቶናል» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ያልጠየቀውን እነዚያ ማን ሆነው ነው የሚጠይቁሽ?»

«ወንበር እንቅልፍ ይጠራል ይላሉ።»

«አየ። በቅዳሴ መሃል እኮ ዲያቆኑ የተቀመጣችሁ ተነሡ ይላል። የሚቀመጥ ከሌለ ለማን ነው የሚናገረው?»

ልቆጣ ሄጄ አሳቁኝ። ሳቁ ራሱ ወገቤን ወጋኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ተነሺ አሉኝና መቋሚያቸውን ብብቴ ሥር አስገቡልኝ። ልክ ለኔ የተሠራ ሆነ። እንጨቱ ከመሬት ተነስቶ ያለችግር ተቀበለኝ፤ ከዓመት በላይ እንዲህ ቀጥ ብዬ አላውቅም ነበር።

ያኔ ነው ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር የነገሩኝ። ወጣት ሳሉ የኔታ ሲያርፉ መቋሚያቸው ለእሳቸው ተሰጣቸው። የኔታ አጭር ሰው ነበሩ። አባቴ ግን የመምህራቸውን መቋሚያ ጥለው ሌላ መያዝ ነውር መሰላቸው። አንድ ዓመት ሙሉ በየማኅሌቱ በአጭሩ እንጨት ላይ ጎብጠው ቆሙ። ሰዉ ትሕትና መስሎት አደነቃቸው። አንድ ሽማግሌ ደብተራ ብቻ ጠጋ ብለው «አንተ ሞኝ፣ መቋሚያ በባለቤቱ ቁመት ነው የሚቆረጥ» አሏቸው።

«ለክብራቸው ብየ ነበር» አሉ አባቴ። «የኔታ በሕይወት ቢኖሩ በዚያው እንጨት ይመቱኝ ነበር።»

ከዚያ ክርኔን እንዳጥፍ አዘዙኝ። እጄ ሥራ ላይ ሊያርፍ የሚገባውን ቦታ በመቋሚያው ላይ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ። ጠረጴዛው ጭኔን የት ላይ እንደሚነካኝ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው፤ እዚያም ምልክት አደረጉ። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ሆነ። ጓሯችን ውስጥ ክረምት ላይ ንፋስ የጣለው ዋንዛ ነበር። ጎረቤት አናጢ ጠርተው በዚያው ልክ አራት ጉማጅ አስቆረጡ። የጠረጴዛው ብረት እግር እንዳይንሸራተት የአራቱንም መሃል በመሮ የቦረቦሩት ራሳቸው ናቸው። እስኪመሽ ድረስ ሠሩት፤ ልቀበላቸው ብል እንቢ አሉኝ።

ሲሸኙኝ ጠበል በጠርሙስ ሰጡኝና «ጠበሉንም ጠጭ፣ ጠረጴዛውንም አንሽ» አሉኝ።

ሰኞ ጧት ጉማጆቹን በጆንያ ባለ ባጃጁ እስከ በሩ ተሸከመልኝ። ጥበቃው ከፍቶ አየ።

«ምንድን ነው?»

«እንጨት።»

«ለምን?»

«ለወገቤ።»

አሰበ፣ አሳለፈኝ። የኛ በር የሚፈትሸው የሚወጣውን ነው፤ ስለሚገባ እንጨት የተነገረው ነገር የለም። ሁለት ሴቶች ጠረጴዛውን በየጎኑ አነሱልኝ፣ እኔ ጉማጆቹን ከእግሮቹ ሥር አስገባሁ። እንዳይነቃነቅ ብዬ በየእግሩ ዙሪያ ሚስማር መትቼ አጠፍሁበት። ከዚያ ቆምሁ። ሱሪው ወደኔ መጣ እንጂ እኔ ወደ ሱሪው አልወረድሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ የምትሠራውን ሴት አናት ብቻ ነበር የማውቀው፤ ያን ቀን ፊቷን አየሁት።

ሱፐርቫይዘሩ እረፍት ሳይደርስ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እግር ነው።»

«አንሺው።»

ወገቤን አልሁ። ያው ቃል ነው፣ እንቢ ማለት ነው፤ እኔ ግን በእውነት የወገቤን ነገር ነበር የምናገረው። የፋብሪካ ንብረት ነው፣ ዲዛይኑን መለወጥ አይቻልም፣ ጠረጴዛው ቢሰበር ተጠያቂ ነሽ እያለ ሲዘረዝር አንቱታው ከአፌ ወደቀ።

«ጠረጴዛው ቢሰበር ሌላ ትገዛላችሁ» አልሁት። «ስማኝ፣ የኔን ወገብ ከየት ገበያ ልታመጣልኝ ነው?»

አንተ ማለቴን እሱም ሰማ፣ እኔም ሰማሁ፣ ክፍሉም ሰማ። መቀሶቹ ሁሉ ቆሙ። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማስጠንቀቂያ መጣ። የፋብሪካውን ንብረት ያለፈቃድ በመለወጥ ይላል። ፈርሚ አለኝ፣ አልፈረምሁም። እስከ ዓርብ ጉማጆቹን ካላነሳሽ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ እኔ ምንም ላደርግልሽ አልችልም አለኝ። ይህን የተናገረው በለሆሳስ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያዘነልኝ ይመስለኛል። ሴቶቹ «ዝም አይነቅዝም፣ ተይው» አሉኝ። ዝም ማለትማ ሞክሬው ነበር። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ የተረፈኝ ጫማዬን ማሰር አለመቻል ነው። ያን ሰሞን ግን ጫማዬን ራሴ አስሬ ነበር ወደ ሥራ የሄድሁት። ሥራዬን ባጣ ወር አልደርስም፤ ጉማጆቹን ባነሳ ወገቤ ዓመት አይደርስም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ መባሉ ነው ያንገበገበኝ።

ሐሙስ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ግን ያላሰብሁት ነገር መጣ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ የምትሠራው ሌላ ሴት ናት፤ ከመሸንቲ በሚኒባስ የምትመጣ፣ ቁመቷ ብብቴ ድረስ የሆነ። ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ስንጋራ ከሰላምታ በቀር ያወራነው አልነበረም፤ እኔ መቀሱን አስቀምጬ እወጣለሁ፣ እሷ አንስታ ትጀምራለች። ያን ቀን ቀደም ብላ መጥታ ግራ ትከሻዋን በቀኝ እጇ ይዛ ጠበቀችኝ።

«እቴ፣ ቆይኝ እስኪ» አለች። «ይኸ እንጨትሽ ገደለኝ።»

ምን እንደምትል አልገባኝም ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ጠርዙ ደረቷ ላይ ነበር። ሱሪ ዘርግታ አሳየችኝ፤ ክንዶቿ ወደ ላይ ተሰቅለው፣ ትከሻዎቿ ጆሮዋን ሊነኩ ደርሰው። ካርቶን አነባብራ እላዩ ላይ ለመቆም ሞክራ ነበር፤ አንሸራቶ ጥሏታል።

«ለምን ለሱፐርቫይዘሩ አልነገርሽውም?» አልኋት።

«ብነግረው አንችን ማባረሪያ ያደርገዋል። ጥፋቱ የሱ ቢሆን ለሱ እነግረው ነበር። የአንች ስለሆነ ላንች ነገርሁ።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጆሮዬ ሁሉ ጋለ። ጠረጴዛውን በሚስማር ስመታ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው እንደሚቆም አንድ ጊዜም አላሰብሁም። ፋብሪካው በኔ ላይ ያደረገውን እኔ በሷ ላይ አድርጌው ነበር፤ የየኔታን መቋሚያ አስይዣታለሁ። ለእሷማ ጠረጴዛው ድሮውንም ልክ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚስማማው ሰው ፈልጎ ያገኘው እሷን ብቻ ነው፤ ያንን ነው የነጠቅኋት።

ይቅርታ አልኋት። «ይቅርታው ይቆይና ሚስማሩን ንቀይ» አለችኝ። ከመካኒኮቹ ጉጠት ተውሼ አንድ በአንድ ነቀልሁት። እሷ ደግሞ ትከሻዋን እያሸች «ታዲያ ነገ ጧት አንች ምን ልትሆኚ ነው?» አለች። የሚያቃጥለኝን ጥያቄ የጠየቀችኝ የጎዳኋት ሴት ናት። እዚያው ቆመን ተማከርን። ምክሩ ቀላል ነበር፤ ጧት ስገባ ጉማጆቹ ከሥር ይገባሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። አንዷ ጠረጴዛውን በአንድ ጎን ታነሳለች፣ ሌላዋ እንጨቱን ትስባለች። ሞከርነው። መቀስ ከመቀባበል ብዙም አይረዝምም።

በማግስቱ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ጠረጴዛውን አንስተን አገኘን። እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ ጉማጅ እየሳበች ነው።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አላት። «ላንቺ እኮ ያለ እንጨቱም ልክ ነው።»

እሷ ተነሳች። እንጨቱን ታቅፋዋለች። «ጠረጴዛው የሁለታችን ነው» አለችው። «እኛ ተስማምተናል።»

«የሥራ ሰዓት ይባክናል።»

«ሰላም ከምንባባልበት አይበልጥም» አልሁት። «ሰላምታውንም ከልክሉን እንግዲህ።»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልሁና ከፊርማው ቦታ ላይ በእጄ ጻፍሁ፦ ጠረጴዛው አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ያንሰኛል፤ ለዚህ ጥፋት አልፈርምም። አነበበው።

«ፈርመሻል ማለት ነው?»

«አልፈረምሁም። ጽፌያለሁ።»

ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ አውቃለሁ። ሰኞ ጧት ጥበቃው ስሜን ጠርቶ ይመልሰኛል ብዬ እየፈራሁ ደረስሁ። አሳለፈኝ። ማንም አልጠራኝም፤ በዚያም ሳምንት፣ በሚቀጥለውም። ወረቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አንድ ቢሮ ውስጥ ስንዝርና ጣት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን የሚያሰላ ሰው አጥቶ ተቀምጧል። እስከዚያው እኛ ማንሳትና ማውረዳችንን ቀጠልን። ከወር በኋላ ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት ብሎኬት አመጣች። ሌላዋ ከእግሯ ሥር ወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፈች። የሚስቁብንም አሉ፤ እነሱ እስካሁን ኩላሊታቸውን ያማቸዋል።

ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። ክረምት ሲገባ ወገቤ ከሐይቁ ደመና ቀድሞ ያውቃል። ብስክሌቷን ግን ከግድግዳው አንስቻታለሁ። አባቴ ዘንድሮ ማኅሌት መቆም ትተው ተቀምጠው ያዜማሉ፤ ጠረጴዛው እንዴት ሆነ ብለው ሳይጠይቁኝ ያለፈ እሑድ የለም። የመሸንቲዋን ሴት ነገር ስነግራቸው «እሷ ናት ደብተራዋ» አሉኝ።

ባለፈው ሰሞን የፋብሪካው ንብረት ቆጠራ ነበር። ንብረት ክፍሎች ቁጥር የተጻፈበት ልጣፍ ይዘው ከክፍል ክፍል ሲዞሩ ሰነበቱ። ሰኞ ጧት ስገባ አራቱም ጉማጆች ላይ ቁጥር ተለጥፏል። ሊያባርሩኝ የነበረበትን እንጨት መዝግበው ወስደውታል። ሱፐርቫይዘሩ በእጁ ወገቡን እያሸ በዚያ ሲያልፍ አየኝ።

«ደስ አይልሽም?» አለኝ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ደስታ ነበር። «አሁን እኮ ሕጋዊ ሆኑልሽ። ከበር ግን እንዳታስወጪያቸው፤ የፋብሪካው ናቸው።»

መቀሴን አነሳሁና በጫፏ ልጣፎቹን አንድ በአንድ ላጥኋቸው። ቀስ ብዬ ነው የላጥኋቸው፣ የአባቴን መሮ ምልክት እንዳልጭረው። አራቱንም ልጣፍ እሱ እያየ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ለጠፍኋቸው።

«ይኸ የእናንተ ነው» አልሁት። «አንድ ስንዝር ከሁለት ጣቱ የኔ ነው።»